የእንግሊዞቹ ሙሾ

ውበቱ እባላለሁ። ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር የምኖር ሽማግሌ ነኝ። ከዳዊት ያለፈ ትምህርት የለኝምና ጽሑፌ ቢንዛዛ አትፍረዱብኝ፤ ድሮም ነገሬ ሁሉ ቀስ ያለ ነው። ይህ ቀስ ማለቴ ከየት እንደመጣ ያወቅሁት ግን ገና አምና ነው። የማጫውታችሁም እሱኑ ነው።

በወጣትነቴ ከባሕር ዳር ጎርጎራ በሚመላለሰው መርከብ ላይ ገመድ ወርዋሪና ዕቃ ጫኝ ነበርሁ። ጓደኛዬ ታረቀኝ ደግሞ ሐይቁ ዳር በነበረ አንድ ቡና ቤት ሸክላ ያጫውት ነበር። የቡና ቤቱ ጌታ ግሪክ ነበረና ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ ማጫወቻውንና አንዲት ሸክላ ለታረቀኝ ትቶለት ሄደ። ሸክላዋ የአራት የእንግሊዝ ልጆች የመጀመሪያ ሥራ ናት። ኋላ ዓለም ያበደላቸው ሆኑ ይባላል። እኛ ግን የምናውቃቸው በሸክላዋ ልባስ ላይ ካለው ፎቶግራፍ ነው፤ አራቱም ከፎቅ ላይ ቁልቁል እያዩ ይስቃሉ።

የመጀመሪያዋ ሚስቴ በወሊድ ስትሞት እኔ ጎርጎራ ነበርሁ። መርከቡ ሲመለስ ተቀብራ ጠበቀችኝ። ቤቴ መቀመጥ አቃተኝና በዝናብ እግሬ ወደ ታረቀኝ ቤት ወሰደኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው በሩን ገፍቼ እስክገባ ድረስ ምንም አልሰማሁም። ስገባ ታረቀኝ ማጫወቻው ላይ ተደፍቶ ነበር። ከማጫወቻው የሚወጣውን የመሰለ ሐዘን በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ጉልህና ወፍራም የወንድ ድምፅ፣ ከጉድጓድ እንደሚወጣ፣ አንዱን ቃል ጀምሮ ለመጨረስ አቅም ያጣ። ሌሎቹ ደግሞ ከኋላው ሆነው እያቃሰቱ ይቀበሉታል።

«ምንድን ነው ይህ?» አልሁት።

ታረቀኝ ቀና ብሎ አየኝ። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለብሻለሁ፤ ውኃ ከላዬ ይንጠፈጠፋል። ቆየና፣ «ሙሾ ነው» አለ። «የእንግሊዞች ሙሾ።»

ቁጭ አልሁ። እስከዚያ ሰዓት አላለቀስሁም ነበር፤ ያኔ አለቀስሁ። አንደኛው ገጽ ሲያልቅ ታረቀኝ ገለበጠልኝ። ሲወጣልኝ ልባሷን አንስቼ አየሁና፣ «ታዲያ እነዚህ ለምን ይስቃሉ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ፎቶው ከመርዶው በፊት የተነሳ ነው» አለኝ።

አመንሁት። ለምን አላምነውም?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያች ሸክላ የእኔና የታረቀኝ ሆነች። የሚስቴ ሙት ዓመት በመጣ ቁጥር፣ አባቴ ሲሞት፣ መርከቡ ላይ አብሮኝ የሠራ ሰው ሐይቁ ሲወስደው፣ እሄዳለሁ፤ ታረቀኝ ያስቀምጠኛል፤ ያጫውትልኛል። ሁለቱም ገጽ እስኪያልቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። እሱም አብሮኝ አቀርቅሮ ይሰማል። ኋላ ሌላ ሚስት አገባሁ፣ ልጆች ወለድሁ፣ ይኸው ልማዴ ግን አልቀረም። እያደር አረማመዴም፣ አነጋገሬም የዚያች ሸክላ ሆነ መሰለኝ። ሰውም ይህን አይቶ «ውበቱ የረጋ ሰው ነው» አለና ሽማግሌ አደረገኝ። ባልና ሚስት ሲጣላ፣ ወንድማማች በቦታ ሲካሰስ፣ የሚጠራው እኔ ነኝ። ምንም ጥበብ የለኝም። ዝም ብዬ በዚያ በሐዘንተኛ ፊቴ ሳያቸው ራሳቸው አፍረው ይታረቃሉ።

አምና መስቀል ካለፈ በኋላ ታረቀኝ ሞተ።

ከመሞቱ በፊት ለሚስቱ ለጥሩዓለምና ለልጁ ለሰናይት፣ «በሳልስቴ ዕለት ድንኳን ውስጥ ያችን ሸክላ አሰሙልኝ» ብሎ አስምሏቸው ኖሯል። ሰናይት ኮሌጅ ቢሮ የምትሠራ ቁም ነገረኛ ሴት ናት። ከቀብር ስንመለስ ክንዴን ይዛ፣ «ጋሼ ውበቱ፣ እንዴት አድርጌ ነው ልቅሶ ቤት ሙዚቃ የምከፍት? እድሩ ድንኳኑን ነቅሎ ይሄዳል» አለችኝ።

«ሙዚቃ አይደለም ልጄ፣ ሙሾ ነው። ለእኔ ተይው» አልኋት።

የእድራችን ዳኞች የኔታ ይባቤ ያሉትን እንጂ ሌላ አይሰሙም። የኔታ የዜማ መምህር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በጣና ደሴቶች ሲያስተምሩ ኖረው አሁን በሰፈራችን ደብር ያሉ። ቤታቸው ሄድሁ።

«ምን ይላል ሙሾው?» አሉኝ።

«እንግሊዝኛ አላውቅም የኔታ። ግን ያለቅሳሉ።»

«ስንት ናቸው?»

«አራት።»

«ከበሮስ አላቸው?»

«አላቸው። ግን መቺው ክፉኛ ያዘነ ሰው ነው። አንዴ መትቶ እስኪደግም ድረስ አቡነ ዘበሰማያት ይደርሳል።»

የኔታ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ሕዝብ ሁሉ በየቋንቋው ያለቅሳል፤ ይህ ነውር የለውም። ግን ውበቱ፣ ዘፈን ሆኖ ቢገኝ ድንኳኑም እድሩም ይረክሳል። እኔ አልሰማሁትም፤ የማምን አንተን ነው። ስምህን ታስይዛለህ?»

«አስይዛለሁ» አልሁ። ሌላ የማስይዘው ነገርም የለኝ።

በሳልስቱ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ታረቀኝ ቤት ተቀምጠናል። ማጫወቻው በክረምቱ እርጥበት ገብቶበት ተበላሽቷል። ሰናይት ግን አልጨነቃትም፤ «ዛሬ ስልክ ላይ የማይገኝ የለም ጋሼ» ብላ ልባሷን እያየች ነካ ነካ አደረገችና ከፈተችው።

ዘለልሁ። አንድ መንጋ ጎረምሳ ቁልቁለት ላይ እንደተለቀቀ ጥጃ ይቦርቃል። ከበሮው ይንጣጣል።

«ዝጊው ልጄ፤ የተሳሳተ ነገር ነው። ሐዘንተኛ ይሰማል» አልኋት።

«አይደለም ጋሼ፣ ይኸው ፎቶው።» አሳየችኝ። እነዚያው አራት ልጆች፣ ቁልቁል እያዩ የሚስቁ።

«እንግዲያው ሌላ ሥራቸው ነው።»

«የመጀመሪያቸው እኮ ይህ ነው። ልባሱ ላይ የተጻፈው ተራ ራሱ፤ ይኸው እያመሳከርሁ ነው።»

ወደሚቀጥለው አሳለፈችው፣ ደግሞ ወደሚቀጥለው። አራተኛው ነው አምስተኛው ላይ አንድ ነገር ልቤን ያዘ። ዕድሜ ልካችሁን በእግር የሄዳችሁበትን መንገድ አንድ ቀን በመኪና ስታልፉበት፣ ያ ዋርካ ብልጭ ብሎ ያልፋል፤ ያ ድልድይ ብልጭ ብሎ ያልፋል፤ መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ ግን አታውቁትም። እንደዚያ ሆነብኝ። ያ ቃሉን ለመጨረስ አቅም ያጣው ሰውዬ ይኸው ነው። አቅም አላጣም። እየሳቀ ነው የሚጨርሰው።

«እሱው ነው» አለች ጥሩዓለም።

ዞርሁ። ፍራሹ ላይ ከል ለብሳ እንደተቀመጠች ነው፤ ዓይኗን አላነሳችም።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እሱው ነው አልሁህ ወንድሜ። ማጫወቻው እንደ መኪና ማርሽ ያለች ትንሽ ብረት አለችው። አንድ ቦታ ስታደርጋት እንዲህ ይሮጣል፣ ዝቅ ስታደርጋት ያቃስታል። ሚስትህ የሞተች ጊዜ ታረቀኝ ይህንን ከፍቶ እየጨፈረ ነበር። ያን ዕለት ገና ከመራዊ መግባቱ ነበርና ሐዘንህን አልሰማም። አንተ በዚያ ዝናብ ነጠላህን ዘቅዝቀህ በሩን ስትገፋ የሚገባበት ጠፋው። ሊዘጋው ሲሮጥ እጁ ያችን ብረት መታት። አንተ ደግሞ፣ ምንድን ነው ይህ፣ አልኸው። ሐዘንተኛ ፊት ዘፈን ከፍቶ ተያዘ ከሚባል ሙሾ ነው አለህ።»

«በነጋታው አይነግረኝም ነበር?»

«በነጋታው መጥተህ ድገምልኝ አልኸው እኮ።»

ሰናይት አፏን በነጠላዋ ያዘች። እያለቀሰች መስሎኝ ነበር።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት...»

«ይህን ሁሉ ዓመት አንተ ስትመጣ ብረቷን ዝቅ ያደርጋል፣ ስትሄድ ከፍ ያደርጋል። ያንን ማቃሰት መስማት ለእሱ ጥርስ እንደ መነቀል ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ እኮ ነው። አንድ ቀን፣ ምነው ብትነግረው፣ ብለው፣ 'እንባውን ልቀማው እንዴ' አለኝ።»

እኔ ደግሞ ጉድ በሉ፣ በኋለኞቹ ዓመታት አንዳንድ ቀን ልቅሶው ባይመጣልኝ እንኳ ታረቀኝ ሸክላውን ይወዳል ብዬ፣ ለእሱ ስል ነበር እስከ መጨረሻው ቁጭ የምል። ለካ ሁለታችንም አንዳችን ለአንዳችን ስንል ማንም ያልዘፈነውን ዘፈን ስንሰማ ኖረናል።

«እና በሳልስቴ አሰሙልኝ ያለ የትኛውን ነው?» አልሁ በመጨረሻ።

ጥሩዓለም ያን ጊዜ ነው ቀና ያለች። «የራሱን ነዋ። 'ያን ቀን የውበቱን ፊት ሳላይ መቅረቴ ይቆጨኛል' እያለ እስኪያስለው ይስቅ ነበር።»

ሰናይት ጣልቃ ገባች። «ጋሼ፣ አይጨነቁ። እኔ በስልኩ ቀስ አደርገዋለሁ፤ ልክ እንደ ድሮው ይሆንልዎታል። የኔታም ሙሾ ይሰማሉ፣ እርስዎም ስምዎ አይጠፋም። ከሦስታችን በቀር ማን ያውቃል?» ነካ ነካ አደረገችና አሰማችኝ። ያው ጉድጓድ፣ ያው ማቃሰት። እንባዬ ልማዱ ነውና መጣ። ተናደድሁበት።

በሐይቁ ዳር ወደ ቤቴ ሄድሁ። መዝናኛዎቹ ሙዚቃቸውን ለቀዋል። በዚያ ሳልፍ ስንት ጊዜ አሳላፊዎቹን ጠርቼ «እነዚህን ጯሂዎች ቀንሱልኝ» እንዳልሁ ታሰበኝ። ከእነዚያ ጯሂዎች መካከል የእኔዎቹ አልቃሾች ይኖሩበት ይሆን? ደንገሉ አጠገብ ቆሜ ሳዳምጥ አንዱ አሳላፊ አየኝና ሳልናገር ሄዶ ቀነሰው።

የያዝሁት ነገር እንዲህ ነው፦ ቀስ ያለውን ባሰማ ለየኔታ የሰጠሁት ቃል ይጸናል፣ የሟቹ ቃል ይፈርሳል። ሩጫውን ባሰማ የሟቹ ይጸናል፣ የእኔ ስም ሳልስት ላይ አብሮ ይቀበራል። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ሰው ከስሙ በቀር ምን አለው? ጉልበት የለ፣ ጥርስ የለ።

በሳልስቱ ጠዋት ድንኳኑ ሞላ። ታረቀኝ ኋላ ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የሰናይት ኮሌጅ ሰው፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ከመራዊ የመጡ ዘመዶቹ ሁሉ አሉ። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ የኔታ ይባቤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ወንድማችን ታረቀኝ አንድ ቃል ትቷል» አሉ። «የእንግሊዝ ሰዎች ሐዘን ሲደርስባቸው የሚያዜሙት ሙሾ አለ። ቃሉን አናውቀው ይሆናል፤ አቶ ውበቱ ግን ያውቁታል፣ ስለ ደግነቱም ምስክር ናቸው። እስኪያልቅ ድረስ ቆመን፣ አንገታችንን ደፍተን እንስማ።»

ሕዝቡ ብድግ አለ። ወንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። የታወቁት አልቃሽ እማማ ደብሬ እንግዳውን ዜማ ለመቀበል ነጠላቸውን አጥብቀው ታጠቁ።

ሰናይት ድምፅ ማጉያው አጠገብ ሆና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «የቱን ጋሼ?»

ጥሩዓለምን አየኋት። እሷ ግን መሬት መሬት ታያለች፤ እንዳትጫነኝ ብላ ይመስለኛል። ያኔ አንድ ነገር መጣልኝ። ታረቀኝ የእኔን ሙሾ ዕድሜውን ሙሉ ሰምቶልኛል። እኔ የእሱን ዘፈን አንድ ቀን ብሰማለት ምን እሆናለሁ?

«የራሱን» አልኋት።

ድንኳኑ ውስጥ ጥጃው ሁሉ ተለቀቀ።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ ያን ጭፈራ ይሰማል። የኔታ እስኪያልቅ ድረስ ብለዋልና ማን ደፍሮ ይቀመጥ? እማማ ደብሬ ሁለት ጊዜ «ወየው» ብለው ሊገቡበት ሞከሩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጥሏቸው አለፈ። በሦስተኛው ደረታቸውን ለመምታት እጃቸውን አነሱና መልሰው አወረዱ።

የመጀመሪያው ሲያልቅ ሰው ተነፈሰ። ሁለተኛው ጀመረ። የኔታ በመቋሚያቸው ሕዝቡን ከፈል ከፈል እያደረጉ ወደ እኔ መጡ።

«ውበቱ» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «ሙሾው ይህ ነው?»

«ይህ ነው የኔታ።»

«ይህ ከበሮ መቺ ነው ክፉኛ ያዘነው?»

«ተጽናንቷል የኔታ።»

ከፍራሹ በኩል አንድ ድምፅ ተሰማ። ጥሩዓለም ናት። መጀመሪያ ሳግ መሰለን፤ ሴቶቹ ደገፏት። ሳቅ ነበር። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ትስቃለች፤ ሰናይትም ተከተለቻት፤ ከዚያ እኔ። ባሏን የቀበረች ሴት፣ አባቷን የቀበረች ልጅና የእድሩ የረጋ ሽማግሌ፣ ሳልስት ላይ፣ በሕዝብ ፊት። ታረቀኝ ያጣውን ፊት ያን ጊዜ ሌላው ሁሉ አየው።

የኔታ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አዩና፣ ዘፈን ከሆነ ድንኳኑ ይረክሳል ያሉትን ቃላቸውን ጠበቁ፤ ድንኳኑን ጥለው ወጡ። ሕዝቡ ግን ቁጭ በሉ ያለው የለምና አንደኛው ገጽ እስኪያልቅ ድረስ ቆሞ ቀረ።

እድሩ ተሰብስቦ መከረብኝ። በክፉ አልተናገሩኝም። «አቶ ውበቱ ደክመዋል፤ ከሽምግልናው ይረፉ» ተባለ። ባልና ሚስት የሚያስታርቅ ሌላ ሰው ተመረጠ፤ እሱ ብዙ ይናገራል አሉ። መጀመሪያ ሰሞን ከፋኝ። መንገድ ላይ ልጆች ሲያዩኝ ይንሾካሾካሉ፤ «የእንግሊዞቹ አልቃሽ» የሚል ስምም ወጥቶልኛል። ቆይቼ ግን አንድ ነገር አስተዋልሁ። የሰው ጠብ ካልተሸከምሁ ቀኑ ለካ ረጅም ነው። ሐይቁን እንደ ሥራ ቦታ ሳይሆን እንደ ሐይቅ ማየት ጀመርሁ።

ከተዝካሩ በኋላ አንድ ከሰዓት የኔታ ይባቤ በሬ ላይ ቆሙ። ልገሥጽህ ነው የሚሉኝ መስሎኝ ተነስቼ እጅ ነሳሁ። ተቀመጡ።

«ታረቀኝ ወዳጄ ነበር» አሉ። «የዚያን ቀን ላለቅስለት ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁ። ሙሾ አለ ብለኸኝ እንባዬን እሱ ላይ አቆይቼው። ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።» ዞር ብለው ግቢውን አዩ። «ያ አቡነ ዘበሰማያት የሚያደርስ ከበሮ ጨርሶ ውሸት ነበር?»

ለሰናይት ደወልሁ። መጣች፤ ቀስ አድርጋ ከፈተችላቸው። የኔታ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አንደኛውን ገጽ ጨርሰው ሰሙ፤ ያለቀሱትን ልቅሶ አልነግራችሁም፣ የእሳቸው ነው። እኔ በዚያ ዕለት አላለቀስሁም። እሳቸውን ሳይ ታረቀኝ ስንት ዓመት ምን ሲያይ እንደኖረ ገባኝ፤ ሐዘንተኛውን ላለማስደንገጥ ራስን አቀርቅሮ መቀመጥ ከባድ ሥራ ነው። ሲጨርሱ ፊታቸውን ጠረጉና፣ «ይህን ለዳኞቹ አትንገር» ብለውኝ ሄዱ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን ትማራላችሁ ብዬ አልመክራችሁም፤ ከሽምግልና አርፌያለሁ። ለራሴ የተማርሁት ግን ይህን ነው። ወዳጄ በዚያች ብረት አንድ ነገር ሰጥቶኝ ነበር፣ አንድ ነገርም ወስዶብኝ ነበር፤ የቱ እንደሚበልጥ እስካሁን መመዘን አልቻልሁም። ሐዘኔ እውነት ነበር፤ ሙሾው ግን አልነበረም። አሁን ሰናይት ስልኬ ላይ ሁለቱንም ጭናልኛለች። ጠዋት ጠዋት የሚሮጠውን እሰማለሁ፤ እግሬ ግን የለመደው ቀስታውን ነውና፣ እሱ እየሮጠ እኔ እያዘገምሁ እንገናኛለን።

ባለፈው ሰናይት አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎትና፣ ለእርስዎ ጊዜ የቱን ላሰማ?» አለችኝ። ቁም ነገረኛ ናት ብያችኋለሁ፤ ነገር ሳይወሰን አታሳድርም። ላስብበት አልኋት። ይኸው እያሰብሁ ነው። ጠዋት የሚሮጠው ይሻላል እላለሁ፣ ሲመሽ ደግሞ ቀስ ያለው። ሳልቆርጥ መሄድ ነውር ነውና፣ እስክቆርጥ እዚሁ ነኝ።